ለመልቀቅ የሚያዙ አራዊት

የምኞት ዝርዝር እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ተቆጥሮ አያውቅም። ይቆጠር የሚል ቢነሣ ግን እኔ ደጋፊው ነኝ። ሰው የሌለውን ነገር በስሙ እየጠራ በተርታ ሲያሰፍር የሚነግረን የፈለገውን ብቻ አይደለም፤ ዓለም እንዴት ብትሆን ደስ እንደሚለውም ሳያስበው ያወጣዋል። ዛሬ እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዤ ቀርቤአለሁ። ጉዳዩ፣ ውድ አንባቢ፣ የግጥም መድበል ወይም የልቦለድ ጉዳይ አይደለም። የቪዲዮ ጌም ነው።

ጨዋታው «ፕላኔት ዙ» ይባላል፤ ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ2019 ያወጣው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ተጫዋቹ የአራዊት ማቆያ ያቋቁማል፤ አጥር ያጥራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ጠባቂ ይቀጥራል፣ ጎብኚ ያስገባል። እንስሳቱን የሚያገኘው ከገበያ ነው፤ ዋጋቸውም በገንዘብ ወይም ጨዋታው ራሱ በሚሰጠው «የጥበቃ ነጥብ» ይከፈላል። ትልቅ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ሌሊቱን ያጋምሳል ወይ? ለሚለኝ መልሴ «ያጋምሳል» ነው። ልቦለድ ይዞ ከሚያመሸው ሰው ብዙም የምለይ አይመስለኝም፤ ሁለታችንም በሌለ አገር ገብተን ለሌሉ ፍጥረታት እንጨነቃለን።

በጥቅምት 2021 ይኸው ጨዋታ የሰሜን አሜሪካን እንስሳት በአንድ ጥቅል ለብቻቸው አወጣ። ስምንት ነበሩ፦ ቢቨር፣ ሙስ፣ ኩገር፣ የአርክቲክ ቀበሮ፣ የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሳ፣ አሊጌተር፣ ጥቁር ጭራ ፕሬሪ ዶግ፣ እንዲሁም ቡልፍሮግ የሚባለው ጉልቤ እንቁራሪት። ባይሰን፣ ግሪዝሊ ድብ፣ ተኩላና ፕሮንግሆርን ቀድሞም ነበሩ።

ስለነዚህ እንስሳት በአማርኛ ልጻፍ ብሎ ለተነሣ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ስም ነው። «ድብ» አያስቸግርም። በአገራችን ዱር ድብ የለም፤ ነገር ግን ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር በግእዝ ገብቶ፣ ዳዊት ከበጎቹ መካከል ሲጋፈጠው፣ በኤልሳዕም ዘመን ሁለት ሆነው ከዱር ሲወጡ እየሰማን አድገናል። ማንም ሳያየው የቋንቋችን ሙሉ ዜጋ ሆነ። ቢቨር ግን በቅዱሳት መጻሕፍት ስላልተጠቀሰ ከነባዕድነቱ ቀረ። ባይሰንን «የአሜሪካ ጎሽ» ብንለው የኛ ጎሽ ቅር አይለውም። ስካንክን ግን «ጥርኝ» ልበል ያለ ሰው ይጠንቀቅ፤ ሁለቱም በሽታቸው ይታወቁ እንጂ፣ ጥርኝ በዝባዱ ተከብሮ የኖረ፣ ነጋዴ የተከተለው አውሬ ነው። ስካንክን ተከትሎ የሄደ ነጋዴ አልሰማሁም።

ቅሬታዬ ግን የስም አይደለም። ያ የስምንት እንስሳት ጥቅል ደስ ይላል፤ ቢቨሩ ግንድ ሲጎትት ማየት ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ሆኖም የፖስት ካርድ ምርጫ ነው። የተመረጡት ለመታየት ስለሚያምሩ ነው። ጨዋታው ግን «የጥበቃ ነጥብ» የሚለውን ቃል ከተጠቀመ ወዲህ ሌላ ዕዳ ገብቷል፤ «ጥበቃ» ያለ ሰው ከምን እንደሚጠብቅ፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ይጠየቃል። እርግጥ አንድ አዝራር አለው፦ «ወደ ዱር ልቀቅ» የሚል። ተጫዋቹ ይጫነዋል፤ እንስሳው ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ነጥብ ይጨመራል። አለቀ። በእውነተኛው ዓለም ግን ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው እዚያው ነው። ስለዚህ እኔ የምመኘው በአጥር ውስጥ ሊኖሩ ሳይሆን ከአጥር ሊወጡ የተያዙትን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥቁር እግር ፌሬትን። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ቁመናው የኛን ሸለምጥማጥ ያስታውሳል፤ ዓይኑ ላይ እንደ ሽፍታ ጥቁር ጭምብል አጥልቆ ሌሊት ያድናል። ምግቡ ከሞላ ጎደል ፕሬሪ ዶግ ብቻ ነው። ይህ ፕሬሪ ዶግ የሚሉት በስሙ ውሻ ይሁን እንጂ ሣር የሚበላ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ትንሽ እንስሳ ነው። ፌሬቱ ይበላዋል፤ ከዚያም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከብት አርቢዎች «ግጦሻችንን ጨረሰብን» ብለው ፕሬሪ ዶጉን በመርዝ ሲያጠፉት፣ ሜዳውም እየታረሰ ሲሄድ፣ ወረርሽኝም ሲጨመርበት፣ በዚያ አንድ ምግብ ላይ የተንጠለጠለው ፌሬት አብሮ አለቀ። በ1979 በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው ሲሞት ዘሩ ጠፋ ተባለ።

በ1981 ግን በዋዮሚንግ ግዛት፣ ሚቲትሲ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ሼፕ የሚባል የአርቢዎች ውሻ አንድ የሞተ አውሬ ወደ ቤት አመጣ። ባለቤቶቹ ምንነቱን አላወቁም፤ የእንስሳት ቆዳ እያደረቀ ለሚሞላ ባለሙያ ሲያሳዩት እሱ አወቀው። እንግዲህ የአንድ ዘር ትንሣኤ የተበሠረው በውሻ አፍ ነው። ደስታው አራት ዓመት አልሞላም። ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ገብቶ መንጋውን ጨረሰው፤ የተረፉት እየታደኑ ተያዙ፤ በ1987 መጀመሪያ በዓለም ላይ የቀሩት 18 ብቻ ነበሩ። ከነዚህም ዘር የተካው የሰባቱ ነው። ዛሬ ያለው ፌሬት ሁሉ የሰባት እንስሳት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

«ማለት ይቻላል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ወደ ጨዋታው ልመለስና ላስረዳ። «ፕላኔት ዙ» የዘር ሒሳብ ያውቃል። የእያንዳንዱን እንስሳ ትልቅነት፣ ዕድሜ፣ የመውለድ ዐቅምና በሽታ የመቋቋም ኃይል ከወላጆቹ ያወርሰዋል፤ እኅትና ወንድም ሲጋቡ ያስጠነቅቃል፤ ዘሩ እየደከመ ሲሄድም ያሳያል። በዚህ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ተጫዋቹ ችግሩን የሚፈታው ወደ ገበያ ወጥቶ አዲስ ደም በመግዛት ነው። ለፌሬቱ ገበያ የለም። የነበረው በሳንዲያጎ ከ1988 ጀምሮ በበረዶ የተቀመጠ የአንዲት ሴት ፌሬት ሕዋስ ነው፤ ዊላ ትባል ነበር፤ ዛሬ ካሉት መካከል የእሷ ዘር የለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ከዚያ ሕዋስ ኤልዛቤት አን የተባለች ፌሬት ተወለደች። በ2024 ደግሞ አንቶኒያ የተባለችው ሌላዋ የዊላ ቅጂ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ ብዙም በማይርቀው በፍሮንት ሮያል፣ ቨርጂኒያ፣ ሦስት ወለደች፤ ሁለቱ አደጉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞታ የቆየች እናት ስምንተኛ ሆና ከሰባቱ ጋር ተቆጠረች። ልቦለድ ደራሲ ይህን ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

በጨዋታው ውስጥ ፕሬሪ ዶግ ከ2021 ጀምሮ አለ። ቀለቡ ቀርቧል፤ በዚያ ጥቅል ውስጥ እንግዳው አልተጠራም እንጂ። ለምን እንዳልተጠራ ይገባኛል። ፌሬት ከመለቀቁ በፊት የፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ ባለበት ግቢ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ እዚያም በሕይወት ያለ ፕሬሪ ዶግ ማደን ይለማመዳል፤ አለበለዚያ ዱር ወጥቶ በረኃብ ይሞታል። ልጆች በመስታወት እያዩ የሚስቁለትን እንስሳ አንሥቶ ለሌላው መስጠት የጠባቂው ሥራ ነው። ይህን ትእዛዝ ተጫዋቹ በገዛ እጁ እንዲሰጥ እመኛለሁ። አንዳንዱ ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል፤ ይሂድ።

ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ኮንዶር። ጨዋታው በ2019 ሲወጣ ከወፍ ወገን የያዘው ሰጎንን፣ ፍላሚንጎንና ጣዎስን ነበር፤ ሦስቱም በእግራቸው የሚያዘግሙ። ኮንዶር ግን ክንፉን ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ሥራው የኛ ጥንብ አንሳ ሥራ የሆነ፣ መልኩም ለፖስት ካርድ የማይመች ወፍ ነው። በ1982 የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ «ሁሉንም እንያዛቸው» የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ከባድ ክርክርም ተከተለ። ስመ ጥሩው የተፈጥሮ ተሟጋች ዴቪድ ብራወር አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ፤ በሳጥን ውስጥ ያለ ኮንዶር ለሳቸው ኮንዶር አልነበረም። ክርክራቸውን እስከ ዛሬ አከብራለሁ፤ ሆኖም ተሸነፉ፤ መሸነፋቸውም የሚበጅ ሆነ። ሚያዝያ 19 ቀን 1987 የመጨረሻው የዱር ኮንዶር ተያዘ። በዓለም ላይ 27 ነበሩ፤ ሁሉም በሰው እጅ። የካሊፎርኒያ ሰማይ ያለ ኮንዶር ቀረ።

ኮንዶር የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው። ቢወሰድባት ግን ሌላ ትተካለች፤ ጠባቂዎቹ ይህን ጠባይዋን ተጠቅመው ቁጥሩን አበዙት። ያለ እናት የቀረውን ጫጩት የሚመግቡት የኮንዶር ራስ የሚመስል አሻንጉሊት በእጃቸው አጥልቀው፣ ራሳቸው ከመጋረጃ ጀርባ ተሰውረው ነበር። ጫጩቱ የሰው ፊት ማየት የለበትምና። ሰው የለመደ ኮንዶር ሲለቀቅ ወደ ሰው ይመጣል፤ ወደ ሰው የመጣ ኮንዶርም አይሰነብትም። ከ1992 ጀምሮ ሲለቀቁ አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተመትተው ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ለሚለቀቁት በግቢያቸው ውስጥ የሐሰት ምሰሶ ተተክሎ፣ ሲያርፉበት በቀላሉ እየነዘራቸው፣ ምሰሶ እንዲፈሩ ተማሩ። የአዳኞች ጥይት በጥንቡ ውስጥ የሚተወው እርሳስ ግን እስካሁን ይገድላቸዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2019 የእርሳስ ጥይትን ለአደን ሙሉ በሙሉ ብትከለክልም ወፉ የግዛት ወሰን አያውቅም። ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት በነፃ ይበርራሉ።

ይህ ወፍ በጨዋታው ውስጥ ቢገባ ምን ሊሆን ነው? የጨዋታው ሒሳብ በሙሉ የቆመው ጎብኚ በማየቱ ላይ ነው፤ ጎብኚ አየ፣ ተደሰተ፣ ገንዘብ ሰጠ። የኮንዶር ጫጩት ግን በታየ ቁጥር የሚበላሽ እንስሳ ነው። ምንም የማያስገባ፣ ብዙ የሚያስወጣ፣ ማንም የማያየው አንድ ክፍል በግቢው ጀርባ መሥራት ይኖርብናል፤ ለዚያ ክፍል ሲባልም ትኬቱን፣ አይስክሬሙንና ቢቨሩን በትጋት ማስተዳደር። ያን ጊዜ አይስክሬም ሻጩ ራሱ ትርጉም ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ ሐዘን መካከል አንድ ለቀልድ ይፈቀድልኝ፦ ኦፖሰም። ከሜክሲኮ በስተሰሜን ልጆቹን በሆዱ ኪስ የሚያሳድገው የዱር እንስሳ እሱ ብቻ ነው። አልጠፋም፣ አያሳስብም፤ የቆሻሻ ገንዳ ወዳጅ ነው። ሲደነግጥ ግን ፈልጎ ሳይሆን ሰውነቱ በራሱ ከድቶት ይወድቃል፤ አፉን ከፍቶ፣ ክፉ ሽታ አውጥቶ፣ እንደ ሬሳ ይዘረጋል። ጎብኚዎች «እንስሳችሁ ሞቷል» እያሉ ሲጮሁ፣ ጨዋታው ማስጠንቀቂያ ሲደውል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሲሮጥ፣ እሱም ተነሥቶ ሲሄድ ማየት እፈልጋለሁ።

ቀይ ተኩላን ስመኝ ደግሞ የኛዋ ቀይ ቀበሮ ትዝ ትለኛለች። በአማርኛ ቀበሮ እንበላት እንጂ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚመድቧት ከተኩላ ጋር ነው። በባሌ፣ በሰሜንና በሌሎች ጥቂት ተራሮች ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ በየትኛውም አገር የአራዊት ማቆያ ውስጥ ግን አንዲትም የለችም። የአሜሪካው ቀይ ተኩላ ተቃራኒው ነው። በ1970ዎቹ በቴክሳስና በሉዊዚያና የባሕር ዳርቻ ከ400 በላይ እንስሳት ተይዘው ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ ኮዮቴ ወይም የሁለቱ ዲቃላ ሆነው ተገኙ፤ ለዘር የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በ1980 ከዱር እንደጠፋ ታወጀ፤ በ1987 በሰሜን ካሮላይና አሊጌተር ሪቨር በተባለ ጥብቅ ሥፍራ እንደገና ተለቀቀ። ከመቶ በላይ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ጥይት፣ መኪናና ከኮዮቴ ጋር መዳቀል ከሃያ በታች አወረዱት። ዛሬ አብዛኛው ቀይ ተኩላ ያለው በአጥር ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድ ዘዴ አላቸው። በማቆያ የተወለዱ ቡችሎች ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ተወስደው፣ በዚያው ሰሞን በዱር የወለደች ተኩላ ጎሬ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ይቀላቀላሉ። ልጆቿ መብዛታቸውን ትወቅ አትወቅ እንጃ፤ ታጠባቸዋለች። በጨዋታው ውስጥ ቡችላ ሲወለድ ደስታ ነው፤ ጎብኚ ይጎርፋል። እኔ የምፈልገው ያን ቡችላ በተወለደ በሳምንት ተኩል ውስጥ ከእናቱ ነጥቄ ወደማላየው ጎሬ እንድልክ መገደድን ነው።

የኛ ቀይ ቀበሮ በማንም እጅ አለመግባቷን እንደ ክብር የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አደጋው ይበልጥ ይታየኛል። የሚቲትሲን ፌሬቶች የጨረሰው ዲስቴምፐር ባሌ ላይም ደጋግሞ ገብቶ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ። ፌሬቱ ያን ጊዜ የሚሰበስበው አገኘ። ለቀይ ቀበሮ መጠባበቂያ የላትም።

ስለ ባይሰን አዲስ ምኞት የለኝም፤ ቀድሞም ገብቷል። የምመኝለት ሰሌዳ ነው። በጨዋታው ውስጥ በየአጥሩ ዳር ስለ እንስሳው የሚያስተምር ሰሌዳ ይተከላል። የባይሰኑ ሰሌዳ በ1907 ከኒው ዮርክ ብሮንክስ የአራዊት ማቆያ 15 ባይሰኖች በባቡር ተጭነው ወደ ኦክላሆማ ሜዳ መመለሳቸውን ይንገረን፤ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው መንጋ በጥይት ካለቀ በኋላ ከዘሩ ትንሣኤ ጉልህ ምዕራፎች አንዱ ነውና። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር ይጨመርበት። ከዚያ ዓመት አስቀድሞ፣ በመስከረም 1906፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ዳይሬክተር በዊልያም ሆርናዴይ ዘመን፣ ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ወጣት በዝንጀሮዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል። ጥቁር ቀሳውስት ጮኸው አስወጡት። በ1916 በቨርጂኒያ ሊንችበርግ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ማቆያውን የሚያስተዳድረው ማኅበር ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። ባይሰኑን ያዳነችው እጅና ያንን በር የዘጋችው እጅ አንድ ናት። የአራዊት ማቆያን የምወድ አፍሪካዊ ነኝ፤ ይህን ሳላነብ ወደ ባይሰኑ ማለፍ አልፈልግም።

«ጨዋታ ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ሊዝናና ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን ሰው በሐዘን ታሪክም ይዝናናል፤ የልቦለድ አንባቢ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ምኞቴ እንስሳ የለውም። በሲንሲናቲ የአራዊት ማቆያ መስከረም 1 ቀን 1914 ማርታ የተባለች እርግብ ሞተች። መንገደኛ እርግብ ከሚባለው ዘር የመጨረሻዋ ነበረች፤ ያ ዘር አንድ ጊዜ ከሦስት ቢሊዮን በላይ እንደነበረ ይገመታል፤ ሲያልፍ ፀሐይ ይጋርድ ነበር። ለእሷ የሚሆን ወንድ ላመጣ 1,000 ዶላር ሽልማት ቢባልም የሚያመጣ አልተገኘም። አስከሬኗ በበረዶ ውስጥ ተደርጎ ወደ ዋሽንግተን ተላከ። በየካቲት 1918 ኢንካስ የሚባለው የመጨረሻው የካሮላይና በቀቀን በዚያው ማቆያ ሞተ። ከወፎቹ ጎጆዎች አንዱ እስከ ዛሬ ለመታሰቢያነት ቆሟል።

ይህ ጎጆ በጨዋታው ውስጥ ይሠራ። ቦታ ይያዝ፣ ገንዘብ ያስወጣ። ተጫዋቹ ገበያውን ከፍቶ «መንገደኛ እርግብ» ብሎ ሲፈልግ ምንም አያግኝ። ጎብኚዎች ይምጡ፣ ፊታቸውን ወደ ሽቦው አስጠግተው «ምንም አይታይም» ብለው ያጉረምርሙ፤ ገቢውም በዚያ ልክ ይቀንስ። ጠባቂ ግን ይመደብለት፤ ጠዋት ጠዋት ይጥረገው፣ ውኃውንም ይቀይር።